ደሙን ያፈሰሰችው ትንሿ ዕጢ፦ ማህፀን ሳይወጣ ስለታከመ አንድ ማዮማ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተመዘገበ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች በአማርኛ አስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በማህፀንና ጽንስ ክፍል ነርስ ነበርኩ። በሁለቱም ሥራዎቼ ደጋግመው ካጋጠሙኝ ሕመሞች አንዱ ማዮማ ነው፤ ሐኪሞች ፋይብሮይድም ይሉታል፣ በተለምዶ ደግሞ የማህፀን ዕጢ ይባላል። ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል፣ ከጥቂት በቀር ካንሰርነት የሌለው እብጠት ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ የመረጥኩት ውጤቱ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም፤ እንዲያውም ሕክምናው ሁለት ጊዜ ተሰናክሎ ከብዙ መጉላላት በኋላ የተጠናቀቀ ነው። የመረጥኩት «ሆዴ ሳይቀደድ ልታከም እችላለሁ ወይ?» የሚለው የብዙ ሴቶች ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ «ዕጢው የማህፀኔ የትኛው ክፍል ላይ ነው ያለው?» ከሚለው ቀጥሎ መምጣት እንዳለበት ከማንኛውም ጉዳይ አብልጦ ስላሳየኝ ነው። ታካሚዋ ጉዳይዋ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ስሟን፣ የሐኪሞቹንና የሆስፒታሎቹን ስም፣ ማንነቷን ሊያሳብቅ የሚችለውንም ሁሉ ትቼዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ጉዳዩ ሲጀመር ታካሚዋ 41 ዓመቷ ነበር። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ሲሆን ሜሪላንድ መኖር ከጀመረች 11 ዓመት ሆኗት ነበር። አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ ለሁለት ድርጅቶች ትሠራለች፤ የምትከፈለው በሰዓት ስለሆነ ሥራ ያልገባችበት ቀን ደመወዝ የለውም። ባለትዳር ናት፤ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አላቸው፤ እርሷም ባለቤቷም ሌላ ልጅ የመውለድ ሐሳባቸውን አልተዉም ነበር።

የወር አበባዋ ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ እየበረታ ሄዶ በየወሩ 9 ቀን ይቆይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሁለት ሞዴስ ደርባ በየሰዓቱ ትቀይራለች፤ የረጋ ደምም ይወርዳት ነበር። ከዘጠኙ ቀናት በኋላም ጠብታው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ሊሰነብት ይችላል። ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ ትነሳለች፤ ከእምብርቷ በታች ደግሞ ሁልጊዜ የሚጫን ነገር ይሰማታል። ሐኪሞቹ ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግራት ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ግን ድካሙንም ሽንቱንም አላነሳችም። በእምነቷ ሥርዓት ደም እየፈሰሳት ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ፣ የወሩን ግማሽ ከደጅ ቆማ ማስቀደሷ ነበር ያስመረራት። ይህን ስተረጉምላት ሐኪሟ ጥቂት ዝም ብላ በማስታወሻዋ ጻፈችው። በኋላ ሕክምናው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ለመመዘን ከተጠቀመችባቸው መለኪያዎች አንዱ ይኸው ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

መጀመሪያ የሄደችው በሰፈሯ ወዳለ ክሊኒክ ነበር። በዚያ የተሰጣት የወሊድ መከላከያ ኪኒን የደም ግፊቷን ከፍ ስላደረገው ተቋረጠ። ቀጥሎ ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ ተደረገላት፤ ይህ ሉፕ ለብዙ ሴቶች የወር አበባን በእጅጉ የሚቀንስ ጥሩ ሕክምና ቢሆንም፣ በእርሷ ላይ ግን ሰባት ሳምንት ቆይቶ ከረጋ ደም ጋር ወጣ። ክሊኒኩ ሁለተኛ ሉፕ ሊያስገባላት ቀጠሮ ያዘላት እንጂ የመጀመሪያው ለምን ወጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ላይ ሆኜ ስመለከተው የጉዳዩ ቁልፍ ያኔውኑ በእጅ ነበረ፤ ሉፕን ገፍቶ የሚያስወጣ ማህፀን ብዙውን ጊዜ በውስጠኛው ክፍተት ውስጥ ቦታ የያዘ ነገር አለበት።

የደም ማነስ እንዳለባት ተነግሯት የብረት ኪኒንም ታዝዞላት ነበር። ኪኒኑን በየጠዋቱ ከሻይ ጋር ትውጠው እንደነበር የታወቀው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ሻይና ቡና ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ በእጅጉ ይከለክላሉ። ከዚህ በላይ አጽዋማቱን አጥባቂ በመሆኗ የዓመቱን ብዙ ቀናት ሥጋ አትቀምስም። በጤፍ ውስጥ ብረት ቢኖርም ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወሰድም። ስለዚህ በወር የምትወስዳቸው 30 ኪኒኖች ከሚፈሰው ደም ጋር ሊመጣጠኑ አልቻሉም።

ድንገተኛ ክፍል፤ «ዕጢ» የሚለው ቃል

አንድ ቀን የምትንከባከባቸውን አዛውንት ደረጃ ስታወጣ ራሷን ስታ ወደቀች። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ በዴሲ ሊትር 6.9 ግራም ነበር፤ የጤነኛ ሴት ከ12 አያንስም። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። በአልትራሳውንድ ማህፀኗ የ14 ሳምንት እርግዝና ያህል ማደጉና ብዙ ማዮማዎች እንዳሉበት ታየ። የተረኛው ሐኪም ማብራሪያ አጭር ነበር፤ ማዮማዎቹ ብዙ ናቸው፣ አንዱም ትልቅ ነው፣ የሚሻለው ማህፀኑን ማውጣት ነው አለ።

ያን ምሽት ያስተረጎመችው የ13 ዓመት ልጇ ነበረች። ልጅቷ የሰማችውን በምታውቀው አማርኛ «ማሚ፣ ዕጢ አለብሽ፤ ማህፀንሽን ያወጡታል» አለቻት። እናትየው ዕጢ ሲባል ካንሰር እንደያዛት ቆጠረች፤ ሌሊቱንም አዲስ አበባ ወዳለችው ታላቅ እኅቷ ደውላ ልጇን አደራ አለቻት። በአሜሪካ የጤና ሕግ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግ አይፈቀድለትም። ደሙ እየተሰጣት እያለ ድንገተኛ ነበር ሊባል ይችል ይሆናል፤ ማህፀንሽ ይውጣ የሚለው ምክር በማግሥቱ በስልክ አስተርጓሚ ሊደገም ይገባው እንደነበር ግን የሚያከራክር አይመስለኝም።

የእኔም ሙያ በዚህ ነገር ከጥፋት ነፃ አይደለም። ብዙዎቻችን አስተርጓሚዎች ካንሰር ያልሆነ ዕጢን «ጤናማ ዕጢ» እያልን ስንተረጉም ኖረናል። ታካሚዋ ግን ይህን ስሰማ ሐኪሙ የሚያባብለኝ መስሎኝ ነበር አለችኝ፤ ጤናማ ከሆነ ለምን ይወጣል? አሁን «ካንሰር ያልሆነ፣ ወደ ሌላ አካልም የማይሰራጭ የማህፀን ጡንቻ እብጠት» እላለሁ። ረጅም ቢሆንም ሌላ ጥያቄ አያስነሳም።

ስለ ስፋቱ አንድ ነገር ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በ2003 የታተመ፣ በዚሁ በዋሽንግተን የተካሄደ ጥናት በ50 ዓመታቸው ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ የሚበልጡት፣ ከነጮቹ ደግሞ 70 በመቶ የሚጠጉት ማዮማ እንደሚኖርባቸው ገምቷል፤ በጥቁር ሴቶች ላይ ቀድሞ ይጀምራል፣ በቁጥርም በመጠንም ይበዛል። አብዛኞቹ ምልክት ስለማያሳዩ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። ታካሚዋ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያ ቃሏ «ታዲያ እኔ ብቻ አይደለሁማ!» የሚል ነበር።

ጓደኛ የነገረቻት

ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ በኢምቦላይዜሽን መታከሟን ነገረቻት። በዚህ ሕክምና ሐኪሙ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን የደም ቧንቧዎች ይደርስና ደቃቅ ቅንጣቶችን ለቅቆ ወደ ማዮማዎቹ የሚሄደውን ደም ያቋርጣል። ለማዮማ መዋሉን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ራቪናና ባልደረቦቹ በ1995 አሳትመዋል። በዋሽንግተንም በኅዳር 2004 ኮንዶሊዛ ራይስ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ሊረከቡ ታጭተው ሳለ፣ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚሁ መንገድ ታክመው አንድ ሌሊት አድረው መውጣታቸው በዜና ተነግሮ ነበር። ባልደረባዋም ስለ ሕክምናው የሰማችው ይህን ከሚያስታውስ ሰው ነው።

ታካሚዋ ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ሐሳቧን ወስና ነበር፤ ኢምቦላይዜሽን እንጂ ሌላ አልፈልግም አለች። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት በዚያ ቀጠሮ ነው። የማህፀን ሐኪሟ ምርጫዋን አልተቃወመችም፤ ነገር ግን ኤም አር አይ ሳታይ ስለ የትኛውም ሕክምና እንደማትናገር ገለጸች። ታካሚዋ ይህን እንደ ማጓተት ነበር የቆጠረችው። የኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ አምስት ሳምንት መፍጀቱ ደግሞ ጥርጣሬዋን አባሰው።

ኤም አር አይ ያሳየው

የዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ማዮማን በቦታው ከ0 እስከ 8 ይመድባል። 0፣ 1 እና 2 ወደ ማህፀኑ ክፍተት የገቡ ናቸው፤ 0 ሙሉ በሙሉ በክፍተቱ ውስጥ በዘንግ የተንጠለጠለ ሲሆን 2 ግማሹ ወይም ከግማሽ በላይ የሚሆነው አካሉ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ነው። 3 እና 4 በግድግዳው ውስጥ ያሉ፣ ከ5 እስከ 7 ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፤ 8 ለሌሎች ቦታዎች የተተወ ነው።

የታካሚዋ ምስል አምስት ማዮማዎችን አሳየ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ትልቁ» የተባለው 7.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምድብ 4 ነበር፤ በግድግዳው ውስጥ ሆኖ የሽንት ፊኛዋን ይጫናል። ሦስቱ ወደ ውጭ የወጡና ትናንሽ ናቸው። አምስተኛዋ 3.1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትሆንም ምድብ 2 ስለነበረች ወደ ማህፀኑ ክፍተት ገፍታ ገብታለች። አልትራሳውንዱ እርሷን ለይቶ አልጠቀሳትም ነበር። ሐኪሟ በምስሉ ላይ በእስክሪብቶ እየነካች፣ ደሙን የምታፈሰው በአብዛኛው ይህች ትንሿ መሆኗን፣ ሉፑንም የገፋችው እርሷ ሳትሆን እንደማትቀር፣ ትልቁ ደግሞ ለሽንቱና ለመጫኑ ስሜት ተጠያቂ መሆኑን ነገረቻት። ሁለት ችግሮች በሁለት የተለያዩ ዕጢዎች የመጡ ነበሩ፤ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብቻ በአንድ ሕክምና ይለቃሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ አማራጮቹ በየቦታቸው ተቀመጡ። ትንሿን በሂስትሮስኮፒ፣ ማለትም ሆድ ሳይነካ በማህፀን አፍ በኩል በሚገባ መሣሪያ፣ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ትልቁን በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ መሣሪያ፣ ማውጣት፣ በኢምቦላይዜሽን ማክሰም፣ ወይም ለጊዜው መተው ይቻላል። በመርፌ ወይም በድምፅ ሞገድ ሙቀት ዕጢውን የማቃጠል ሕክምናዎችም ተጠቅሰዋል፤ በኤም አር አይ የሚመራው የድምፅ ሞገድ ሕክምና ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ ፈቃድ አለው። ሐኪሟ ግን ለእርሷ አላጨቻቸውም። በ2021 የተፈቀደው ሬሉጎሊክስ ያለበት ዕለታዊ ኪኒን ኢስትሮጅን ስላለውና የደም ግፊቷ ገና ስላልተስተካከለ ታለፈ።

እርግዝና ትፈልግ እንደሆነ የተጠየቀችው በዚያው ቀጠሮ ነበር፤ ከመልሷ በኋላ የሐኪሟ አስተያየት ተለወጠ። ከኢምቦላይዜሽን በኋላ የወለዱ ሴቶች አሉ፤ ይሁንና የጽንስ መጨንገፍና የሌሎች ችግሮች ሥጋት ስላለ፣ ልጅ ለምትፈልግ ሴት ብዙ ሐኪሞች ማዮማውን ለይቶ ማውጣትን ያስቀድማሉ። ባልደረባዋ የ47 ዓመት ሴት ስትሆን ተጨማሪ ልጅ አትፈልግም ነበር። ለእርሷ የሠራው ለዚህች እናት በዚያ ሰዓት ተመራጭ አልነበረም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ደም ማነሱን ማከም

ሐኪሟ ሄሞግሎቢኗ 10 ሳይሞላ ምንም እንደማትነካ ተናገረች። 750 ሚሊ ግራም የብረት መድኃኒት በደም ሥር ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት ተሰጣት። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው የሚፈሰውን ደም የሚቀንስ ኪኒን በወር አበባዋ ጊዜ ብቻ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እስከ አምስት ቀን እንድትወስድ ታዘዘላት። ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ናሙና ተወስዶ ሌላ በሽታ አለመኖሩ ተረጋገጠ። የብረት ኪኒኑን በየሁለት ቀኑ፣ በባዶ ሆድ በውሃ፣ ሻይና ቡናን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አርቃ እንድትወስድ ነገርኳት፤ የራሴን ምክር ሳይሆን ፋርማሲስቱ ያለውን ነበር የተረጎምኩት፣ ሆኖም ቡና ስንል በሦስት ሰዓት ተፈልቶ እስከ ሦስተኛው የሚጠጣውን ማለታችን እንደሆነ ለፋርማሲስቱ ማስረዳት ነበረብኝ። በሰባት ሳምንት ሄሞግሎቢኗ 11.2 ደረሰ። ደረጃ መውጣት የቻለችው አንድም ማዮማ ሳይነካ ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና

ታካሚዋ ሂስትሮስኮፒውን መረጠች። ሐኪሟ በዚያው ዕለት ትልቁንም በላፓሮስኮፒ ማውጣት እንደሚቻል፣ ለእርግዝናም ሊጠቅም እንደሚችል ነግራት ነበር። እርሷ የጠየቀችው ግን ስንት ቀን ከሥራ እንደምትቀር ነበር፤ ለሂስትሮስኮፒ አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ለላፓሮስኮፒ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ተባለች። ሦስት ሳምንት ያለ ደመወዝ መኖር አይቻለንም አለች። በተጨማሪም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ሰምታ ፈርታ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለማዮማ ቀዶ ጥገና ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች በአንዷ ያልታወቀ የማህፀን ካንሰር ሊኖር እንደሚችል ገምቶ፣ በሆድ ውስጥ ዕጢውን የሚፈጨው መሣሪያ ካንሰሩን ሊበትን ይችላል ብሏል። ሐኪሟ አሁን ዕጢው በከረጢት ውስጥ ሆኖ እንደሚቆራረጥ አስረዳቻት፤ ሥጋቷ ግን አልለቀቃትም። በእኔ አስተያየት ውሳኔውን ከሕክምናው ይልቅ የደመወዙ ነገር ነው ያመዘነው፤ ይህም በሐኪሞች ማስታወሻ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሂስትሮስኮፒ ሙሉ በሙሉ አልተሳካም። በሕክምናው ወቅት ማህፀኑ በጨው ውሃ ተነፍቶ እንዲከፈት ይደረጋል፤ ከገባው ውሃ ሳይመለስ ወደ ሰውነት የቀረው 2,500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ሳንባና ልብ እንዳይጎዱ ሥራው መቆም አለበት። ከዕጢዋ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከተቆረጠ በኋላ መለኪያው ያን ወሰን ስለነካ ሐኪሟ አቆመች። ታካሚዋ ከማደንዘዣው ነቅታ ገና እንደሚቀር ስትሰማ አለቀሰች። ምድብ 2 የሆነ ማዮማ ሁለት ጊዜ ሊያስፈልገው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሯት ነበር፣ እኔው ነኝ የተረጎምኩት፤ ነገር ግን ሌሎች ብዙ ነገሮች በተነገሩበት ስብሰባ መካከል ያለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለነበር አልያዘችውም። ከሁለት ወር በኋላ በግድግዳው ውስጥ ቀርቶ የነበረው ክፍል ወደ ክፍተቱ ወጥቶ ስለነበር ሁለተኛው ሥራ በ25 ደቂቃ ተጠናቀቀ።

ከዚያ ወዲያ የወር አበባዋ ወደ 5 ቀን ወረደ፤ ጠብታውም ቆመ። ለትንሣኤ ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አደረች። ሽንቷና የመጫኑ ስሜት ግን ቅንጣት ያህል አልተለወጡም።

ትልቁ ዕጢ

ባልና ሚስቱ 14 ወር ልጅ ሞከሩ፤ አልሆነም። ታካሚዋ 43 ዓመት ሲሞላት ልጅ የመውለዱን ሐሳብ መተዋቸውን ራሷ ለሐኪሟ ነገረቻት፤ አሁን የምትፈልገው ሌሊት መተኛት ብቻ ነው። ቀድሞ የተዘጋው መንገድ በዚህ ተከፈተ፤ ሐኪሟም ወደ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም በምስል እየተመራ በቀጭን ቱቦ ወደሚያክም ሐኪም፣ ላከቻት።

እርሱም ሁለቱን አማራጮች፣ ዕጢውን ማስወጣትንና ኢምቦላይዜሽንን፣ እኩል አቀረበ። በእንግሊዝ 254 ሴቶችን አሳትፎ በ2020 የታተመ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ማዮማውን ያስወጡት ሴቶች የኑሮ ሁኔታ ኢምቦላይዜሽን ከተደረገላቸው ትንሽ የተሻለ ሆኖ እንዳገኘው አልደበቃትም። በሌላ በኩል በሆላንድ የተደረገ ጥናት ከአሥር ዓመት በኋላ ኢምቦላይዜሽን ከተደረገላቸው ሴቶች ከሦስት ሁለቱ ያህል ማህፀናቸውን ሳያስወጡ መቆየታቸውን አሳይቷል። ቀሪዋ አንዷ ግን ያው ወደ ቀዶ ጥገናው ሄዳለች ማለት ነው። አዲስ ኤም አር አይ ትልቁ ዕጢ አሁንም ደም እንደሚያገኝ አረጋገጠ፤ ደም የማያገኝ የሞተ ዕጢ ቢሆን ኖሮ ቧንቧውን መዝጋት ምንም አይፈይድም ነበር። ትንሿ ዕጢ አስቀድማ መውጣቷም ጠቅሟል፤ ወደ ክፍተቱ የገባ ማዮማ ከኢምቦላይዜሽን በኋላ ሞቶ ሲወርድ ምጥ የመሰለ ሕመምና አንዳንዴም ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

በዚህ ቀጠሮ አንድ የትርጉም ስሕተት ሠርቻለሁ። ሕክምናውን «የማህፀንን የደም ሥር መዝጋት» ብዬ ስተረጉመው ታካሚዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ደሙ ከተዘጋ ማህፀኔ ይበሰብሳል ማለት ነው ብላ ደመደመች። ራዲዮሎጂስቱ የተፈጠረውን ሲረዳ ወረቀት አውጥቶ ሣለላት። ማዮማው በጥቂት ቧንቧዎች ብቻ የሚጠጣ ሲሆን ማህፀኑ ግን ከሌሎች አቅጣጫዎችም ደም ያገኛል። እኔም የሥዕሉን ሐሳብ ወደ መስኖ መለስኩላት፤ ወደ አረሙ የሚሄደው ቦይ ይደፈናል፣ ማሳው በሌሎቹ ቦዮች መጠጣቱን አያቋርጥም። ለሐኪሙም ምን እንዳልኩ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ ጥሩ ነው አለና በዚያው ቀጠለ።

ኢምቦላይዜሽኑና ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት

ሥራው ከግራ እጇ አንጓ በገባ ቱቦ፣ ነቅታ ሕመም በሚያስታግስ መድኃኒት ብቻ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ የመጡት ስምንት ሰዓታት ግን ከባድ ነበሩ፤ ሕመሙን ከአሥር ዘጠኝ ሰጠችው። ራሷ አዝራር እየተጫነች የምትወስደው ማስታገሻ ተሰጥቷት አድራ በማግሥቱ ወጣች። ከአራት ቀን በኋላ ትኩሳቷ 38.1 ስለሆነ ወደ ቅርብ ሌላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደች። የመውጫ ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ስለነበር የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ትኩሳት፣ ድካምና ማቅለሽለሽ የሚጠበቁ መሆናቸውን አላነበበችውም።

ያ ሆስፒታል የሆድ ሲቲ ስካን አነሣ፤ በትልቁ ዕጢ ውስጥ የአየር ነጠብጣቦች ስለታዩ መግል ይዟል ተብሎ ተጠረጠረ፣ የቀዶ ጥገና ክፍልም ተጠራ። ሆኖም ኢምቦላይዜሽን በቅርቡ በተደረገለት ዕጢ ውስጥ አየር መታየቱ የተለመደ ነው፤ ደሙ የተቋረጠበት ሕብረ ሕዋስ ሲሞት የሚፈጠር ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን የኢንፌክሽን ማስረጃ አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሶቿ አልበዙም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽም አልነበረም። ባለቤቷ የራዲዮሎጂስቱን ስልክ የያዘ ካርድ በኪሱ ስለነበረው ተደውሎለት ቀዶ ጥገናው ቀረ። ይህ ካርድ ባይኖር ማህፀኗ በዚያች ሌሊት ይወጣ ነበር ማለት አልደፍርም፤ ለዚያ የተቃረበ ውሳኔ እንደነበረ ግን ከማስታወሻው ታይቷል።

ውጤት በቁጥር

በስድስት ወሯ በተነሳችው ኤም አር አይ ትልቁ ዕጢ 5.7 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ታካሚዋ ቅር አላት፤ «ይህን ሁሉ ሕመም ለአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው የቻልኩት?» አለች። ሐኪሙ ወርዱን ሳይሆን ይዘቱን እንድታስብ አስረዳት፤ ክብ ነገር ወርዱ ከ7.2 ወደ 5.7 ሲወርድ ይዘቱ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ትልቅ ሎሚና ትንሽ ሎሚ ጎን ለጎን ሲታዩ የሚለያዩት በጥቂት ነው፤ ሲጨመቁ ግን የሚሰጡት ጭማቂ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ይህን ምሳሌ ያቀረበችው ታካሚዋ ራሷ ነች። ሌሊት ለሽንት የምትነሳው አንዴ ብቻ ሆነ። ሄሞግሎቢኗ 12.6፣ የወር አበባዋ 5 ቀን ነበር። ወደ ሥራ የተመለሰችው በአሥራ አንደኛው ቀን ሲሆን በድንገተኛ ክፍሉ ያሳለፈቻቸው ሁለት ቀናትም ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ በሥራዬ ይዤ የምሄደው ከሁሉ አስቀድሞ የቅደም ተከተል ነገር ነው። ቦታው ሳይታወቅ የሕክምና ስም ሲነሳ ታካሚም ሐኪምም በስሙ ላይ ይከራከራሉ። ብዙ ደም የሚፈሳትና ቀዶ ጥገና ወይም ኢምቦላይዜሽን የቀረበላት ሴት፣ ዕጢዎቿ በየትኛው ምድብ እንደሚገኙና የትኛው ዕጢ የትኛውን ምልክት እንደሚያመጣ ብትጠይቅ ተገቢ ነው። ሉፕ ወጥቶባት ከነበረም ይህን ሳትጠየቅ ብትናገር ይረዳል። የመውለድ ሐሳብም ከመጀመሪያው ቀጠሮ መነሳት አለበት። በባህላችን ባል በተቀመጠበት ይህን መናገር የሚከብዳቸው ሴቶች አሉ፤ ሐኪሟ ባለቤቷን ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ መጠየቋ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠቅሟል።

ሁለተኛው ደም ማነስን የሚመለከት ነው። 6.9 ሄሞግሎቢን ያላት ሴት የምትመርጠው በፍርሃት ነው፤ ብረት ተሰጥቷት ስትበረታ ለማሰብ ጊዜ ታገኛለች። በታካሚዋ ሁኔታ ማውጣቱ ይሻላል የተባለው ማህፀን ለሦስት ዓመት ሊጠጋ ለሚችል ጊዜ የጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በትርጉም በኩል ደግሞ ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። ሁለት ደረጃ ሊኖረው የሚችል ሕክምና ሲነገር «ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል» የሚለውን ታካሚዋ በራሷ ቃል መልሳ እንድትነግረን ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ከኢምቦላይዜሽን የምትወጣ ሴት ደግሞ የሚጠበቀውን ቀላል ትኩሳትና ወዲያው የሚያስጠራውን፣ ማለትም ከ38.5 በላይ ሆኖ የማይለቅ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ በአማርኛ በወረቀት ይዛ እንድትሄድ ሆስፒታሉን ጠይቀን ተዘጋጅቷል። ወረቀቱ ላይ የራዲዮሎጂስቱ ክፍል ስልክ በትልቁ ተጽፏል፤ ለሌላ ሆስፒታል ሐኪም የሚሰጥ አንድ አንቀጽም በእንግሊዝኛ አለው፣ በዕጢው ውስጥ አየር ቢታይ አስቀድመው እንዲደውሉ የሚል።

ያልተፈታው የሥራው ጉዳይ ነው። ላፓሮስኮፒው በጊዜው ተደርጎ ቢሆን ልጅ ይገኝ ነበር ወይ የሚለውን ማንም ሊናገር አይችልም። ሦስት ሳምንት ያለ ደመወዝ መቅረት ምርጫውን እንዳጠበበው ግን እርሷም ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንስታው ዘጋችው።

አሁን

ታካሚዋ 44 ዓመቷ ነው። ሦስቱ ወደ ውጭ የወጡት ትናንሽ ማዮማዎች አሁንም አሉ፤ አንደኛው ከ2 ወደ 2.6 ሴንቲ ሜትር አድጓል፣ ምልክት ስለሌለው ግን አልተነካም። ሄሞግሎቢኗ በየስድስት ወሩ ይለካል። የብረት ኪኒኑን አቁማለች፣ ቡናዋን ግን አሁንም ከምግብ ሁለት ሰዓት አርቃ ነው የምትጠጣው። ልጇ አሁን 16 ዓመት ሆኗታል፤ ለመጨረሻው ቀጠሮ እናቷን በመኪና አምጥታ በመጠበቂያው ክፍል ተቀምጣ ጠበቀቻት።